የወቅት ሥራ በአዋሽና በባቢሌ፦ ከድሬና ከሐረር ለደረሱን ጥያቄዎች

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ሎጁም፣ አስጎብኚውም፣ አጥኚውም ሰው መፈለግ ይጀምራል። በዚህ ሰሞን ከድሬዳዋና ከሐረር የሚደርሱን ደብዳቤዎችም ይበዛሉ፤ አብዛኞቹ ስለ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ ጥቂቶቹ ስለ ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ናቸው። ስለ አንበሳና ስለ ጅብ የሚጠይቀን ብዙ ሰው ነው። ወቅቱን ሲያበላሽ የምናየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልተፈረመ ወረቀትና የማይጠጣ ውሃ ስለሆነ ከወረቀቱ እንጀምራለን። የጠያቂዎቹን ስም ትተን ሰፈራቸውን ብቻ አስቀምጠናል።

ጥያቄ፦ በሆቴል መስተንግዶ ዲፕሎማ አለኝ። አዋሽ አካባቢ ያለ ሎጅ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በአስተናጋጅነት ሊቀጥረኝ ነው፤ ማደሪያና ምግብ ከነሱ። ውሉን ስጠይቅ «አቦ ና ብቻ፣ ስትደርስ እንነጋገራለን» አሉኝ። ልሂድ? (ከሳቢያን)

መልስ፦ ሥራው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ «ና ብቻ» ግን ውል አይደለም። ከመሳፈርህ በፊት የሥራ መደቡ፣ የወር ደመወዙና የሚከፈልበት ቀን፣ ውሉ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ ማደሪያውና ምግቡ ከደመወዝ ይቆረጥ እንደሆነ፣ ቲፕ እንዴት እንደሚከፋፈል በጽሑፍ ይድረስህ። ሌላው ቢቀር በቴሌግራም ጠይቀህ መልሱን አስቀምጥ።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቃል የተደረገ ውልም ውል ነው። አሠሪው ግን ዋና ዋና ነጥቦቹን በ15 ቀን ውስጥ ጽፎና ፈርሞ ሊሰጥህ ይገባል። በየዓመቱ በተወሰነ ወቅት እየተደጋገመ የሚመጣ ሥራ ለተወሰነ ጊዜ ውል ከሚፈቀድባቸው ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ «እስከ ግንቦት 30» ብሎ መፈረም ችግር የለውም። ችግሩ ዓመቱን ሙሉ ለማይቋረጥ ሥራ፣ ለምሳሌ ለጥበቃ፣ በየስምንት ወሩ አዲስ ውል ሲያስፈርሙ ነው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተቀጠረ ሊቆጠር ስለሚችል ያረጁ ውሎችን አትጣል። ይህ ሁሉ ለግል ድርጅት ነው። ቀጣሪው ፓርኩን የሚያስተዳድረው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ከሆነ የሚገዛህ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው፤ በደብዳቤው ላይ «ጊዜያዊ» የሚለውን ቃልና የሚያበቃበትን ቀን ፈልግ።

የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ 10 ሳምንት ነው፤ ጥቅምት 1 የገባ ታኅሣሥ 10 አካባቢ ይጨርሳል። በዚህ መሀል «ለሥራው አልሆንክም» ተብለህ ያለ ማስጠንቀቂያ ልትሰናበት ትችላለህ፤ ስለዚህ የመመለሻ ትራንስፖርትህን ሳትነካ አስቀምጥ።

አሁን ሰዓቱ። መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ማደሪያህ እዚያው ግቢ ስለሆነ ከራት በኋላ «ትንሽ እርዳን» የሚል ጥሪ መምጣቱ አይቀርም፤ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ደመወዝህ 6,240 ብር ነው እንበል። 48ን በ52 ሳምንት አባዝተህ ለ12 ስታካፍል በወር 208 ሰዓት ይመጣል፤ የአንድ ሰዓት ዋጋህ 30 ብር ሆነ ማለት ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ተባዝቶ 45 ብር፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ያለው በ1.75 ተባዝቶ 52 ብር ከ50፣ በሳምንት እረፍትህ እጥፍ 60 ብር፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል 75 ብር ይታሰባል። ሎጆች የሚጨናነቁት በገናና በጥምቀት ነው፤ ሁለቱም የሕዝብ በዓል ናቸው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት በየቀኑ በደብተር ጻፍ፤ በወሩ መጨረሻ በግምት የሚከራከር ሰው ሲሸነፍ እንጂ ሲያሸንፍ አናይም። ለተሰበረ ብርጭቆም ይሁን ለምግብ ከደመወዝህ የሚቆረጠው ድምር በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝህ አንድ ሦስተኛ ማለፍ የለበትም።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ አዋሽ ላይ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሊቀጠር ነው። ዋስ አምጣ ተብሎ እኔን ይዞ ሊሄድ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ምን እንደምፈርም ግን አላውቅም። (ከከዚራ፣ የልጁ አክስት)

መልስ፦ ወረቀቱ ላይ በመጀመሪያ የሚፈልጉት የብር መጠን ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት የገንዘብ ጣሪያ ያልተጻፈበት የዋስትና ውል አይጸናም። «ለሚያደርሰው ማናቸውም ጉዳት ኃላፊ ነኝ» ብሎ ዝም የሚል ቅጽ ከሰጡዎት፣ ኋላ ፍርድ ቤት ከመከራከር አሁኑኑ «ከብር ይህን ያህል የማይበልጥ» ብለው ያስጨምሩ። መጠኑ ቢጠፋብዎት ሊያጡት ከሚችሉት በላይ አይግቡ።

ቀጥሎ «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ሐረግ ይፈልጉ። እሱ ካለ አሠሪው ልጁን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እርስዎ መምጣት ይችላል። ያስወጡት፤ እምቢ ካሉ ጣሪያውን ያስቀንሱ። ዋስትናው የሚያበቃበት ቀንም ከውሉ ማብቂያ ጋር አንድ ይሁን፤ ቀን ያልተጻፈበት ዋስትና ልጁ በሚቀጥለው ወቅት ሲመለስም ይከተልዎታል።

ለልጁ ደግሞ አንድ ነገር ይንገሩልን። የመጀመሪያ ቀን ዕቃውን ቆጥሮ ካልተረከበ ከሱ በፊት የጎደለው ሁሉ በሱ ይቆጠራል። አንሶላ፣ ፎጣ፣ ጋዝ ሲሊንደር፣ ነዳጅ፣ ሁሉም በዓይነትና በቁጥር ተጽፎ አስረካቢውና እሱ ይፈርሙ፣ አንድ ቅጂ እጁ ላይ ይቅር። ገቢው በሞዴል 19 ቅጽ፣ ወጪው በሞዴል 22 ቅጽ ወይም በድርጅቱ ደረሰኝ ካልሆነ ማንም «ነገ እፈርማለሁ» ብሎ ዕቃ እንዳይወስድ። ሲወጣ ክሊራንሱን ተቀብሎ የእርስዎን የዋስትና ወረቀት አስመልሶ ይምጣ።

ጥያቄ፦ በባዮሎጂ ተመርቄያለሁ። ለሁለት ወር የዝንጀሮ ጥናት ረዳት ሆኜ አዋሽ ልገባ ነው፤ የምናድረው ድንኳን ነው። የሐረር ልጅ ነኝ፣ ጅብ አልፈራም። ምን ልያዝ? (ከሐረር፣ ሸንኮር)

መልስ፦ ከጅቡ እንጀምር፣ ምክንያቱም የሐረር ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሐረር ጅብ የሚያበላውን ሰው፣ ቦታውንና ሰዓቱን ለይቶ ያውቃል። የአዋሽ ጅብ አንቺን አያውቅሽም፤ የሚያውቀው የስጋና የቆዳ ሽታ ነው። ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደር፤ መኪና ውስጥ ወይም የሚቆለፍ የብረት ሣጥን ውስጥ ይግባ። ድስቱ ሳይታጠብ አይደር። የቆዳ ጫማሽን ውጭ አትተይው፣ ጅብ ቆዳ ያኝካል። ድንኳንሽን እስከ ታች ዘግተሽ ተኚ፤ ለሙቀቱ ብሎ ደጅ አንጥፎ መተኛት የለም።

ከመሄድሽ በፊት ቀጣሪዎቹን የምትጠይቂው፦ ሴቶች ለብቻ ድንኳን አላቸው ወይ? ሽንት ቤቱ ከድንኳኑ ስንት እርምጃ ነው? ሌሊት መብራት አለው ወይ? 50 እርምጃ በጨለማ ብዙ ነው። ሞዴስ ለሁለቱም ወር ከሐረር ያዢ፣ ፓርኩ ውስጥ ሱቅ የለም። የቴታነስ ክትባትሽን ሳታድሺ አትሂጂ። የግራር እሾህ ሸበጥን አልፎ ስለሚገባ ሶሉ ወፍራም፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ያስፈልግሻል። ጠዋት ከማጥለቅሽ በፊት ጫማውን ገልብጠሽ አራግፊ፤ ጊንጥ ማታ የሚገባው እዚያ ነው። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ፣ ባርኔጣ። ቆላ ነው ብለሽ ጋቢሽን ቤት እንዳትተዪ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል።

ስለ ሥራው፦ አዋሽ ላይ ሀማድራያስና አኑቢስ የሚባሉት ሁለቱ የዝንጀሮ ዓይነቶች ተገናኝተው ይዳቀላሉ፤ አጥኚዎች ለአሥርት ዓመታት ሲመላለሱበት የኖሩትም ለዚህ ነው። ሀማድራያሶቹ የሚያድሩት ገደል ላይ ነው። ጎህ ሳይቀድ ገደሉ ሥር ያልደረሰ ቡድን መንጋው ከተበተነ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ይውላል። ቅጹን በእርሳስ ሙዪ፣ እስክርቢቶ በላብ ይደበዝዛል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ጂፒኤሱ ላይ ነው። የኢትዮጵያ የቆዩ የወረቀት ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የቦታ መለኪያ መነሻ) ሲሆን ጂፒኤስሽ ከፋብሪካ የሚመጣው በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ሁለቱን ካደባለቅሽ ነጥብሽ በመቶዎች ሜትር ይሸሻል፤ ገደል ጫፍ የቆመ መንጋ ካርታው ላይ ወንዝ ውስጥ ይገኛል። የመጀመሪያ ቀን ቅንብሩን አይተሽ በቅጹ አናት ላይ ጻፊው። ሌላ ቆጠራ ውስጥ ካስገቡሽም ይህን ያዢ፤ ሳላ ወንዱም ሴቷም ቀንድ አላቸው፣ አምበራይሌ ግን ባለ ቀንዱ ወንዱ ብቻ ነው። ሳላን በቀንድ ጾታ የሚለይ ሰው መንጋውን ሁሉ ወንድ አድርጎ ይመልሳል።

ውሃ ለመቅዳት አዋሽ ወንዝ ዳር አትጎንበሺ። አዞ አለ፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት በአንድ ቦታ የሚመጣን ሰው ደግሞ ይለምዳል። ከፍ ካለ ዳርቻ ባልዲ በገመድ አውርዱ። ያለ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ከካምፕ አትራቂ፤ ስካውቱ የሚጠብቅሽ ከአውሬ ብቻ ሳይሆን ከከረዩ፣ ከኢቱና ከአፋር አርብቶ አደር ጋር ሲገናኙ ሰላምታውንና ቋንቋውን ስለሚያውቅ ነው።

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን ፓርኩ ውስጥ ፕሮሶፒስ የሚባለውን ወራሪ እሾሃማ ዛፍ ለመመንጠር በቀን ሂሳብ ገብተናል። ከሰዓት ላይ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ሽንቴ ጠቁሯል። ዛፉም ከቆረጥነው በኋላ መልሶ ያቆጠቁጣል። (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ሽንትህ የጠቆረው ውሃ ስላነሰህ ነው። ጥም እስኪመጣ አትጠብቅ። ፀሐይ ላይ ስትሠራ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ ሊትር ያህል ጠጣ፤ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ይደርሳል። በሰዓት ከ1 ሊትር ተኩል በላይ ግን አትጋት፣ የደም ጨው ይወርዳል። ብዙ ያላባችሁ ቀን በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ተካፈሉ። ጨው በዓይን አይለካም፤ ከበዛ ይጎዳል። ሥራውን ከጠዋቱ 12 ጀምራችሁ 5 ሰዓት ላይ አቁሙ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ቀጥሉ። አሠሪው በሰዓት ሳይሆን በተመነጠረው ስፋት እንዲከፍል ከተስማማችሁ ይህን ማሳመን አይከብድም። ከመካከላችሁ አንዱ ቃላቱ ከተምታቱበት ወይም ከተንገዳገደ ሙቀቱ መትቶታል፤ ጥላ ሥር አስተኝታችሁ ልብሱን አላልታችሁ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት፣ መኪና ጥሩ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ አይሰጥም።

የምትጠጡት ውሃ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። የወንዝ ውሃ ከሆነ አጥልላችሁ አፍሉት ወይም በውሃ ማከሚያ ክሎሪን እሽጉ ላይ በተጻፈው ልክ አክሙት፣ 30 ደቂቃ ይቆይ። በመተሐራና በአዋሽ በኩል ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛዋል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይጠነክራል። ለአዋቂ የአንድ ወቅት ቆይታ ብዙም አያሰጋም፣ ጥርሱ ገና የሚያድግ ልጅ ይዞ የገባ ግን ሌላ ውሃ ይፈልግ።

ፕሮሶፒስን ከመሬት በላይ መቁረጥ መከርከም ነው። ዙሪያውን ቆፍራችሁ ዋናውን ሥር ከአፈሩ በታች ከ10 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ካልቆረጣችሁት ከጉቶው ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል። ፍሬው ያለበትን ቅርንጫፍ ከብትና ፍየል በሚያልፉበት አትጎትቱት፤ ፍሬውን በልተው ዘሩን በእበትና በበጠጥ ሌላ ቦታ ይተክሉታል። እሾሁ ተሰብሮ ቆዳ ውስጥ ከቀረ ያመረቅዛልና ያንኑ ዕለት ይውጣ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከአዋሽ ከተመለሰ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል። «እዚያ እያለሁ ደህና ነበርኩ፣ ጉንፋን ነው» ይላል። (ከለገሃሬ፣ እናት)

መልስ፦ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱትና ደሙ ይመርመር። ወባ ከተነከሱ በኋላ ቢያንስ ሳምንት፣ ብዙ ጊዜም ሁለትና ከዚያ በላይ ሳምንት ቆይቶ ነው ራሱን የሚያሳየው፤ «እዚያ ደህና ነበርኩ» ማለቱ ምንም አይነግረንም። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ከሆነ የሚሰጠው ኮአርተም ብዙውን ጊዜ ለአዋቂ በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ፣ በ3 ቀን 6 ጊዜ፣ በድምሩ 24 ፍሬ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ይወሰዳል፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ። ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ካልሆነ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። በሁለተኛው ቀን ሲሻለው የቀረውን ለወንድሙ እንዳያስቀምጥ። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚመለስ ተጨማሪ የ14 ቀን መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ይህን ነው።

ምናልባት የነከሰችውም አዋሽ ላይ ላይሆን ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ትንኝ የምትራባው በከተማ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው። የቤትዎን ሮቶ ክዳን ይዩት።

ጥያቄ፦ በርጫ እዚያ ይፈቀዳል? ከበርጫ ውጭ መዋል አልችልም። (ከመጋላ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ የፈረቃ ሥራ የበርጫ ሰዓት አያውቅም። በእረፍት ቀንህ የምታደርገው የቤቱ ደንብ የሚወስነው ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት ግን ጫት የምግብ ፍላጎትን ዘግቶ እንቅልፍ ይነሳል፣ በማግስቱ ፀሐይ ላይ የሚወድቀውም ያልበላና ያልተኛ ሰው ነው። መኪና የምትነዳ ከሆንክ ባትሄድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የወደቀ የሳላ ቀንድ አገኘሁ። የገደልኩት አይደለም፤ ለቤት ጌጥ ይዤ ልምጣ? (ከሐረር፣ ጀጎል)

መልስ፦ አይሆንም። የዱር እንስሳ ውጤት ያለ ፈቃድ መያዝና ማዘዋወር ወንጀል ነው፤ ወድቆ መገኘቱ አያድንም። የሰጎን እንቁላልና የኤሊ ቅርፊትም እንደዚሁ። ያገኘህበትን ቦታ ለስካውቱ አሳይ፤ ቀንዱ እንዴት እንደወደቀ ማወቅ ሥራቸው ነው።

ጥያቄ፦ ዲግሪ የለኝም። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ እናገራለሁ። ባቢሌ ሥራ አገኛለሁ? (ከድሬዳዋ፣ ቀፊራ)

መልስ፦ ሦስቱ ቋንቋዎች እዚያ ከብዙ ዲግሪ ይበልጣሉ። መጠለያው ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች የተዘረጋ ሲሆን ዝሆኖቹ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ይንቀሳቀሳሉ። አጥኚም ጎብኚም የሚከተላቸው በእግሩ ስለሆነ ተርጓሚና ዕቃ ተሸካሚ ይፈልጋል። ሥራው ሲገኝ አጭር ነው፣ ለቀናት ወይም ለሳምንታት፤ የቀን ሂሳብህን፣ ምግቡንና መመለሻህን አስቀድመህ ጨርስ።

የባቢሌ ዝሆን ከሰው ጋር ብዙ የተጋጨ ነው፤ መኪና ከለመደ የሌላ አገር ዝሆን ጋር አታመሳስለው። ነፋሱ ከነሱ ወደ አንተ ሲነፍስ ብቻ ቅረብ፤ ጥቂት አቧራ በትነህ አቅጣጫውን እይ። ቁልቋል በዝቶ ፍሬው የበሰለበት ቦታ ሊበሉ ይመጣሉ፤ ጥቅጥቅ ያለ ቁልቋል ውስጥ ደግሞ አሥር ሜትር ላይ ቆመውም አይታዩም፣ የሚሰማው የቅርንጫፍ ስብራትና የሆድ ጉርምርምታ ነው። ያን ሲሰሙ የአካባቢው መሪዎች በእጅ ምልክት ያቆማሉ፤ ያኔ አትናገር፣ ካሜራም አታውጣ፣ በመጣህበት ተመለስ። ግልገል ካየህ እናቲቱ የት እንዳለች ሳታውቅ አንድ እርምጃ አትጨምር።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር ውሌ ታኅሣሥ 18 ያበቃል። ሒሳብ ሹሙ «ገንዘቡ በኋላ ይላክልሃል» አለኝ። አምነው ልምጣ? (ከድሬዳዋ፣ ደቻቱ)

መልስ፦ ውል ሲያበቃ ክፍያው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝህ ሊያስከፍለው ይችላል። ስለዚህ «በኋላ» የሚለው በቀን ይተካ። የሚከፈልህን ዘርዝረህ አስፈርም፦ የቀረ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት፣ ያልወሰድከው የዓመት እረፍት። የመጀመሪያ ዓመት እረፍት 16 የሥራ ቀን ስለሆነ የሦስት ወር ድርሻህ 4 ቀን ነው፤ ብዙ የወቅት ሠራተኛ ይህን ሳይጠይቅ ይመጣል። ጡረታ ሲቆረጥብህ ከነበረ ከአንተ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ገቢ መሆኑንና የጡረታ መለያ ቁጥርህን አረጋግጥ። የሥራ ልምድ ወረቀትህ ላይ የሥራው ዓይነት፣ የቆየህበት ጊዜና ደመወዝህ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ወቅት የሚያስቀጥርህ እሱ ነው።

ስለ መንገዱ፦ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። ከ17 እስከ 20 ባለው ጊዜ ከአዋሽ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መኪና ላይ ወንበር ማግኘት ከባድ ነው፣ ታሪፉም አይከበርም። ቁልቢ የማትወርድ ከሆነ ከሚኤሶ ተገንጥሎ በቆላው በኩል ድሬ የሚገባውን መንገድ የሚይዝ መኪና ጠይቅ፣ ወይም ቲኬትህን ለ21 ቁረጥና ክፍያህን እዚያው ሆነህ ተከታተል።